ውባንተ ይሙት

አይናዲስ ፊቷን ልትታጠብ ከጄሪካኑ ውሃ በእፍኟ እንደያዘች ነው የወንድሟን ድምፅ ከቆርቆሮው ማዶ የሰማችው። ውባንተ ስልክ የሚያወራው ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ነው። ጆሮው ደህና ይሰማል፤ ግን ከእነ ማን ጋር እንደሚነጋገር ሰፈሩ እንዲያውቅለት ይወዳል። ቆርቆሮው ደግሞ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በጥር ለልጁ ሰርግ የገዛቸውን በጎች ማሰሪያ ብሎ ግቢውን ለሁለት ከፈለው፤ በጎቹ ከተበሉ አራት ወር ቢያልፍም እሱ አልተነሳም። «ይነሳ» ያለ የለም፤ «ይቁም» ያለም የለም። ወንድምና እህት በሁለት በር ገብተው በሁለት በር ይወጣሉ፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል፤ ከዚህ በላይ የሚነጋገሩት ነገር የላቸውም።

በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ የአያ ኪዳን ነበር። አያ ኪዳን ኮኪት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አይናዲስ አሥር ዓመት ሙሉ ስድሳ ሄክታር መሬታቸውን እየተከራየች ሰሊጥ ታመርታለች።

«ኧረ ተው ውባንተ፤ አሥር ዓመት ያረሰችውን መሬት ላንተ ብሰጥ ሰው ምን ይለኛል?»

«ነጥቀው ይስጡኝ መቼ አልሁ? እስከ ሰኔ አንድ ኪራዩን ካመጣች ትረስ። ካላመጣች ግን መሬቱ ጦሙን ይደር? የእኔ ትራክተር እንደሁ ተዘጋጅቶ ቆሟል።»

«እንግዲህ ሰሊጧን ሸጣ ብታመጣስ?»

«አትሸጥም። በእኔ ምላለች። እርስዎ እታለምን አላወቋትም፤ እኔን ገድላ አትሸጥም።»

አይናዲስ የያዘችው ውሃ በጣቶቿ መሃል አልቆ፣ የፈሰሰበት መሬትም ደርቆ ነበር። ቢስቅ ይሻላት ነበር። ቢስቅ «አፌዘብኝ» ብላ አኩርፋ ትተወው ነበር። ውባንተ ግን አልሳቀም። ክረምት በሰኔ ይገባል እንደሚል ሰው፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። እሷ አርባ ዓመት የወደደችውን መውደድ መዝኖ፣ መሬቷን የሚወስድበት መያዣ አድርጎታል። ፊቷን ሳትታጠብ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ስለ መሐላው ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። እናታቸው የሞተች ዓመት አይናዲስ ከበለሳ ወደዚህ ቆላ ስትወርድ እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ውባንተ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምትምለው በእሱ ነው። ጨው ስትገዛ ውባንተ ይሙት፣ መልስ ሲጎድልባት ውባንተ ይሙት፣ ጎረቤት ሲያማት ውባንተ ይሙት አላልሁም። አግብታ ነበር። ባሏ አንድ ቀን «ምነው አንድ ቀን እንኳ በእኔ ብትምይ?» ብሎ አኩርፎ አደረ አሉ፤ በዚያው ዓመት ተፋቱ፤ ልጅም አልወለዱም። ሰሊጥ መነገድ ስትጀምር ይህች መሐላ ካፒታል ሆነቻት። አይናዲስ «ሰሊጤ አልተደባለቀም፣ ውባንተ ይሙት» ካለች ገዢ ጆንያ አይፈታም፤ ሚዛን አይደግምም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጁ የያዘ ነጋዴ የማያገኘውን እምነት እሷ በሁለት ቃል ታገኝ ነበር። ውባንተም ይህን እያወቀ በከተማው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ ስሙ በየሚዛኑ ሥር የሚጠራ ሌላ ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው በታኅሣሥ ነው። የሰሊጥ ኩንታሉ አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር በገባበት ሳምንት ውባንተ የራሱን ሁለት መቶ ኩንታል ሙልጭ አድርጎ ሸጠ። አይናዲስ ደግሞ ሁለት መቶ ስድሳ ኩንታሏን ይዛ ቆየች። ወሬው ሁሉ «ሃያ ይገባል» ነበር። ሚዛኑ ሥር ነጋዴ በተሰበሰበበት ውባንተ ጫቱን በጉንጩ እንዳስቀመጠ፣ «እህቴ ዘንድሮ ገበያውን ልታስተምረው ነው» አለና ሰው ሳቀ። እንዲያው ለጨዋታ ነው። አይናዲስ ግን ያሳደገችው ልጅ በሰው ፊት ሲስቅባት አልቻለችም፤ ምላሷ ቀደማት። «ከሃያ ሺህ በታች አንዲት ጣሳ አልሸጥም፤ ውባንተ ይሙት!» አለች። ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ መሐላዋን ያውቃልና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ፤ ተፈርሞ የተቀመጠ ያህል ሆነ።

የሚያስቀው፣ አይናዲስ ሰሊጥ አቅፈው ከሚተኙት ነጋዴዎች አልነበረችም። በአሥራ አምስት ዓመት ንግዷ ግማሹን በኅዳር፣ ግማሹን ሁዳዴ ሳይገባ ትሸጣለች። ዋጋ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከወረደ ከስሮም ቢሆን ይሸጣል፤ ከተሸጠ በኋላ ዋጋ አይጠየቅም። ከሸጠችበት ማግስት ሁለት ሺህ ጨምሮ ያደረበት ዓመት አለ፤ አንድ ምሽት እንኳ አልተቆጨችም። «ገበያ ተሳሳትሽ ሲልሽ አትከራከሪው፤ ጠበቃ የለውም፣ ዳኛም የለውም» ትል ነበር ምክር የሚጠይቋትን ሴቶች። ይህን ሁሉ ለውባንተ ያስተማረችው እሷ ናት። እሱ በታኅሣሥ የሸጠው በእሷ ደንብ ነው፤ የሳቀባት በራሷ ትምህርት ነው።

በጥር ኩንታሉ አሥራ ስድስት ሺህ ሆነ። በየካቲት አሥራ አራት። አንዱ «ወደቡ ተዘግቶ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቻይናዎች ከሌላ አገር ገዝተው ነው» ይላል፣ አይናዲስ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ለሦስት ቀን ታምናለች። ዋጋው በወረደ ቁጥር ወንድሟን ትጠላዋለች፤ የሚያወርደው እሱ ይመስል። በመጋቢት አንድ ቀን፣ ሰሊጥ አሥራ ሦስት ሺህ እያለ፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ እስከ በሩ ሄዳለች። «መሐላውን ተውልኝ፣ ‹ትቼዋለሁ› በለኝ» ልትለው ነበር፤ የተማለበት ሰው ራሱ ከተወው ሰውም አይፈርድም፣ ቄሱም ቀለል ያለ ንስሐ ሰጥተው ያልፉታል። በሩ ላይ ስትደርስ ውባንተ ከእንግዶች ጋር እየበላ ይስቅ ነበር። በምን እንደሚስቅ አልሰማችም። ተመለሰች።

አሁን ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። መጋዘኗን ስትከፍት የታፈነው ሙቀት ፊቷን ገረፋት። ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያው ድረስ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሩቅ ሆኖ ላያቸው ሰው ሀብት ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ትንሽ ቡናማ ተባይ በጆንያው ስፌት ውር ውር ይላል። ይህ ተባይ ፍሬውን አይበላም፣ ዘይቱን ይመጠዋል፤ ጆንያው ሙሉ ሆኖ ሚዛኑ ይቀላል። አይናዲስ እፍኝ ዘግና በመዳፏ አሸችው፣ እፍ አለችው፣ ጥቂት ፍሬ ቀመሰች። መምረር ጀምሯል። ስድስት ወር ሙሉ እዚህ እየመጣች ጆንያ የቆጠረችው እህል ስላላት አልነበረም፤ ውባንተን ልክ ላገባው ነው እያለች ነው። ሃያ ሲገባ በሰው ፊት ምን እንደምትለው፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሚዛን ሥር፣ ሁሉን ተዘጋጅታበታለች። ልክ የገባችው እሷ ናት። ይህን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ አለችው፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ «ተሳስቻለሁ» አለች፣ ጆንያዎቹ ብቻ ሰሟት። መሳሳቷን ማመን እንዲህ ቀላል ከሆነ በየካቲት ምን ነክቷት ነበር? ቀላል የሆነላት ግን ሌላ ነገር ስላገኘች ነው። እኔን ገድላ አትሸጥም ብሏላ። እስቲ እናያለን አለች በሆዷ።

ሷሊህ ደላላው ከሚዛኑ አጠገብ ባለው የሣር ዳስ ሥር ጀላቢያውን ሰብስቦ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሦስት ስልክ ደርድሮ ከአንዱ ከሱዳን ድንበር ማዶ የገላባትን ወሬ፣ ከአንዱ የጎንደርን፣ ከሦስተኛው የሚስቱን ይሰማል። ነጋዴ ሁሉ ዳሱ ሥር ነው፤ በዚህ ወር ሥራ ስለሌለ ሁሉም የሌላውን ዋጋ ሲጠይቅ ይውላል።

«ዛሬ ስንት ዋለ?» አለችው።

«አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ትናንት አራት መቶ ነበር። የጎንደሩ ወኪል ምንይችል አንድ መኪና ጭኖ ዛሬ ይወጣል፤ ዝናብ ሳይዘው። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ገዢ የለም ነው የሚሉኝ። ላንቺ ምን ያደርግልሻል?»

«ሽጥልኝ።»

ሷሊህ ሳቅ አለና ፊቷን ሲያይ ተወው። ዳሱ ሥር ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አላቆሙም፣ ግን ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«አይናዲስ፣ ምለሻል እኮ።»

«ምያለሁ።»

«ያውም ሰው ሁሉ ሰምቶ። እኔም ነበርሁ።» ሷሊህ ወደ እሷ ጠጋ አለ። እሱ እስላም ነው፣ በሰው ሕይወት መማል አይወድም፤ የእሷን መሐላ ግን ከብዙ ሰው ወላሂ በላይ ያምን ነበር። «ስሚኝ። ሂጂና ውባንተን ‹ትቼዋለሁ› አስብዪው። ወንድምሽ አይደል? አንድ ቃል ነው። ያኔ ማንም አያማሽም። እኔ ምንይችልን እስከ ስድስት ሰዓት ላቆየው እችላለሁ።»

ትልቅ ሰው የሚሰጠው ምክር ነው፤ ልክም ነው። ከትናንት ወዲያ ቢመክራት ምናልባት ትሄድ ነበር። አይናዲስ ግን ውባንተ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ «መሬቱስ?» ሲላት ታያት። ደግሞም ልትለምነው አትፈልግም። የፈለገችው እሱ ሳይፈታት መሐላውን ልታፈርሰው ነው፤ እያወቀ፣ በአደባባይ፣ እሱ ባመነበት ቦታ ላይ።

«አልሄድም» አለች። «ጥራው ምንይችልን።»

ምንይችል ወጣት ነው፣ ለዚህ አገር እንግዳ፤ ላኪ ድርጅት የሚልከው ወኪል ነው። መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ጆንያ በሹል ብረት ወጋ፤ ከመሃል የወጣውን ፍሬ በመዳፉ ዘርግቶ ወደ ብርሃን አወጣው። ስለ ተባዩ ምንም ሳይል ተባዩን አየ። አይናዲስ አጠገቡ ቆማ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ፣ በዚህች ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የምትለው ነገር አንድ ነው፤ አፏም ለምዶታልና ራሱ ተከፈተ። «ያምናን አልቀላቀልሁበትም፣ ውባን…» አለችና ስሙን ሳትጨርሰው አቆመች። ምንይችል ቀና አለ።

«ምነው? ይማሉልኝ እንጂ» አለ እየሳቀ። «እዚህ ገበያ እርስዎ ከማሉ ሚዛን አያስፈልግም ብለውኛል።»

ሷሊህ መሬት መሬቱን አየ። ሊሸከሙ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ በዚህ አገር ሳሉግ የሚሏቸው የደጋ ልጆች፣ ምን እንደሆነ ባያውቁም ወደ እሷ ዞሩ። አይናዲስ «አልምልም» አለች። «እህሉ ይኸው ነው። አይተሃል።» ምንይችል ጥቂት አሰበና ጆንያ ሁሉ ይፈታ፣ ይበጠር፣ ይመዘን አለ፤ ለዚያ ለድካሙ ደግሞ ከኩንታሉ መቶ ብር ቀነሰ። አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሆነ። መሐላ የሌላት አይናዲስ በገበያው ላይ ይህን ያህል እንደምታንስ በአንድ ጠዋት አወቀችው። አልተከራከረችም። እጇን ዘረጋች፣ ተመታ፣ አለቀ።

እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሲበጠርና ሲጫን ቆየ። ወደ ጎጃም የሚያደላ አነጋገር ያለው የሠራተኞቹ አለቃ እየቆጠረ ይጮኻል፤ አቧራው ከላባቸው ጋር ተለጥፎ ፊታቸው ጭቃ ሆኗል። በታኅሣሥ ሁለት መቶ ስድሳ የነበረው በሚዛን ሁለት መቶ አርባ ስምንት ወጣ። አሥራ ሁለት ኩንታሉን ተባዩና ሙቀቱ ወስደውታል። ሰው መጋዘኑን ሲያልፍ ቆም ብሎ ያያል፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «አይናዲስ! ውባንተ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እህሉ ሲጫን አይታ የሞተ መስሏት። አይናዲስ «ደህና ነው፤ ጠዋት ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አለቻት። ይህን ስትል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወሬው በዚህ ሰዓት ከዳሱ ወደ ፉል ቤቱ፣ ከፉል ቤቱ ወደ ጋራዡ፣ ከጋራዡ ወደ ውባንተ እየሮጠ እንደሆነ ታውቃለች። ትራክተሩ ሥር ተኝቶ ቅባት ሲቀባ የሚነግረው ሰው ማን ይሆን እያለች ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ አሰበች፤ ደጋግማ አሰበችው።

ገንዘቡ በስልኳ እንደገባ ሚኒባስ ይዛ ኮኪት ወረደች። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ አያስተነፍስም፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ሸሕዲ ላይ አንድ ሰው የሰሊጥ መሐላ አፈረሰ አሉ እያለ ለራሷ ሊያወራላት ሞከረ። «አዎ፣ ሰምቻለሁ» አለችው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው ጥቁር ሆኖ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ዝናቡን ይጠብቃል። አንዳንዱ ታርሷል። ከደንገል በር ወዲህ የእሷ ስድሳ ሄክታር የባለፈውን ዓመት አገዳ እንደያዘ ቆሟል። ይህን መሬት ጫካውን መንጥራ፣ ግንዱን ነቅላ፣ ሁለት ጊዜ ወባ ታማበት ነው ማሳ ያደረገችው። ውባንተም ጉቶ ሲነቅል አብሯት ነበር፤ ያኔ የራሱ ትራክተር ገና አልነበረውም። ይህን ማሰብ አልፈለገችም፤ አሰበችው ግን።

አያ ኪዳን ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ኒም ሥር አልጋ አስወጥተው ተጋድመዋል። ሲያዩዋት ተነሥተው ተቀመጡ፣ ልጃቸውን ከርከዴ አምጪ አሉ፤ ቀዩ መጠጥ በበረዶ መጣ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ዝናቡ ዘንድሮ ከቋራ በኩል ቀድሞ መጣሉን፣ ገለጉ ላይ አንዳንዱ ዘርቶ እንደሆነ፣ ለሄክታር የትራክተር ዋጋ ስንት እንደገባ አወሩ። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ እሷ «ኧረ?» ትላለች። በመጨረሻ ስልኳን አወጣች፣ ቁጥራቸውን አስነበበች፣ የዓመቱን ኪራይ ላከች። የእሳቸው ስልክ ጮኸ። አነበቡትና አልጋው ላይ አኖሩት።

«ውባንተ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አሉ ወዲያ እያዩ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ እኮ አልተስማማሁም፣ አይናዲስ።»

«አልተስማሙም። እንቢም አላሉም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልትነሳ ስትል «ቃልሽን ግን እንዲህ ማድረግሽ…» ብለው ጀመሩና ፊቷን አይተው ተዉት። «ቃሌ መሬት አያርስም፣ አያ ኪዳን» አለች። ከኮኪት ትራክተር ተከራየች፤ ለነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማሳው ላይ እንዲደርስ ቀብድ ሰጠች። የውባንተን ትራክተር አይደለም። ሚኒባሱን ስትጠብቅ ሷሊህ ደወለና «አይናዲስ፣ ምን ልበልሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት መቶ ጨመረ» አላት። «አትንገረኝ፤ ከተሸጠ ተሸጠ» አለችና ዘጋችው። ከታኅሣሥ ወዲህ ዛሬ ነው የራሷ ሰው የሆነችው። ይህን ያህል ገንዘብ ከከሰረች ትከሻዋ ሊቀልላት አይገባም ነበር፤ ግን ቀለላት።

ሸሕዲ የደረሰችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። መጋዘኑን ከፍታ መጥረግ ጀመረች። ባዶው ቤት ትልቅ ሆኗል፣ መጥረጊያው ሲጮህ ድምፁ ይመለሳል። የፈሰሰውን ፍሬ፣ ትቢያውን፣ ያን ቡናማ ተባይ አንድ ላይ ትጠርጋለች። ውባንተ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። የምትለውን ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታለች፤ በሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሁለት ቃል ቀይራበታለች።

ውባንተ በበሩ ገባ። ከጥር ወዲህ በእሷ ደጃፍ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። ልብሱ የትራክተር ቅባት ነክቶታል፤ ሳይቀይር ነው የመጣው። መጋዘኑን ከወለል እስከ ጣሪያ አየው።

«ሸጥሽው አሉ።»

«ሸጥሁት።»

«በስንት?»

«በአሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ።»

ውባንተ ነጋዴ ነው፤ ኪሳራው በዐይኑ ውስጥ ሲያልፍ አየችው። አሳዘነችው ይሆን እንጃ፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያንን ሸፈነው።

«በእኔ ምለሽ» አለ።

«በአንተ ምዬ።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወደ እሱ ዞረች። «ጠዋት ከቆርቆሮው ወዲህ ነበርሁ። እኔን ገድላ አትሸጥም አልህ። ይኸው ሸጥሁ። ኪራዩንም ከፍያለሁ፣ ነገ ይታረሳል። መሬት ካማረህ ሌላ ቦታ ፈልግ።»

አልካደም። «አላልሁም» ቢል ልትል ያዘጋጀችው ነገር ነበር። ከከንፈሩ ደም እንደ ሸሸ አየች። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ልጅ ድሯል፣ ግን እንደዚያ ሲቆም ወባ ይዞት ብርድ ብርድ የሚለው ሕፃን ነው የሚመስለው። እሷ በእሱ ምላ ቃሏን መጠበቋ ከክፉ ነገር ሁሉ የሚጠብቀው ይመስለው እንደነበር አሁን ገባት። እሱም እስከ ዛሬ ያላሰበው ነገር ይመስላል። ደስ አላት። ስድስት ወር የጠበቀችው ፊት ይህ ነው፤ ካሰበችውም በላይ ነው። እንዲያው ትንሽ ይቆይላት ብላ ትክ ብላ አየችው።

ውባንተ ሊወጣ ዞረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶም አያት። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ነገር ፍለጋም አልነበረም። የማያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቃት።

«እታለም፣ ከእንግዲህ በማን ልትምይ ነው?»

አይናዲስ ለዚህ ያዘጋጀችው ነገር አልነበራትም። እናቷ የለችም፣ በሞተ ሰው ይሙት አይባል። የተፋታችው ባሏ ሱዳን ተሻግሮ ከሌላ ሴት ልጆች ወልዷል። ስም ፈለገች፤ ከበለሳ እስከ መተማ የምታውቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች። ውባንተ በሩን ይዞ ጠበቃት፤ ቢመሽም የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷ ግን የሚመጣላት ስም ስታጣ መጥረጊያውን አንስታ የጠረገችውን ወለል እንደገና መጥረግ ጀመረች።